ለንባብ ቡድን የትኛው ልብ ወለድ ይሻላል? አራት መጻሕፍት ጎን ለጎን

የመጀመሪያው የንባብ ቡድናችን የተበተነው አደፍርስን ይዘን ነው። መጽሐፉ ምንም ጥፋት የለበትም። ስምንት ሰዎች ነበርን። ግማሾቻችን ከትምህርት ቤት ከወጣን ወዲህ አንድ ልብ ወለድ ከዳር እስከ ዳር አንብበን አናውቅም ነበር። "ከአማርኛ ልብ ወለዶች ጠንካራው እሱ ነው" ሲባል ሰማንና እሱኑ ያዝን። በሁለተኛው ቀጠሮ አምስት ሆንን። በሦስተኛው ሦስት። በአራተኛው ቡናው ቀርቦ ጠጪ ጠፋ።

ያ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከነዚያ ሰዎች ሁለቱ "ንባብ ለኛ አይሆንም" ብለው ነው የሄዱት። ይሆናቸው ነበር እኮ! መጽሐፉ ነው ያለ ጊዜው የመጣባቸው።

ከዚያ በኋላ በሁለት ቡድኖች ውስጥ አንብቤያለሁ። አንዱ አዲስ አበባ ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ከሰዓት በአንዳችን ቤት እንገናኛለን። ሌላው በስልክ ነው፤ ከሜሪላንድ፣ ከዱባይና ከአዲስ አበባ ተሰባስበን በቴሌግራም ድምፅ እንወያያለን። በሁለቱም ቤት ጭቅጭቁ አንድ ነው። ቀጥሎ ምን እናንብብ? ይህን የምጽፈው በዚያ ጥያቄ ለተያዘ ሰው ነው።

ለብቻ የሚነበብ መጽሐፍና በቡድን የሚነበብ መጽሐፍ ይለያያሉ። ብቻችሁን ስትሆኑ ካልጣማችሁ ትተዉታላችሁ፤ ማንም አይጎዳም። በቡድን ሲሆን ግን መጽሐፉ የጨዋታው ማገዶ ነው። ማገዶው ካልተያያዘ ሰው ይበርደውና ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ መጽሐፍ ሲቀርብልኝ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ከመካከላችን በጣም ቀስ ብሎ የሚያነበው ሰው ይጨርሰዋል ወይ? ጨርሰነው ስንገናኝ ሁለት ሰው ከልቡ የሚለያይበት ነገር አለው ወይ? ዝምተኛዋ ሴትዮ ከራሷ ኑሮ አምጥታ የምትናገርበት ቦታ ታገኛለች ወይ? "ታላቅ መጽሐፍ ነው ወይ?" ብዬ አልጠይቅም። እዚህ የማነሳቸው አራቱም ታላላቅ ናቸው። ክርክሩ የቱ ለማን ይሆናል ነው።

ለጀማሪ ቡድን፦ ከአድማስ ባሻገር

በዓሉ ግርማ ይህን የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ያሳተመው በ1962 ዓ.ም. ነው። ዋናው ሰው አበራ ወርቁ ይባላል። የመንግሥት ሥራ አለው፣ ደመወዝ አለው፣ ዕድሜው ሠላሳዎቹ ውስጥ ገብቷል። ልቡ ያለው ግን ሥዕሉ ላይ ነው። ቤተሰብ በበኩሉ አግባ፣ ውለድ፣ ሰው ሁን ይለዋል።

ይህን ታሪክ ለመረዳት ማንም ሰው መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም። ቡድናችን ውስጥ ባንክ የምትሠራ ልጅ አለች። ሦስት ስብሰባ ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። በአበራ ጉዳይ ስንነታረክ ድንገት "እኔ ልብስ ንድፍ ነበር መማር የምፈልገው" አለች። ከዚያ ለግማሽ ሰዓት እሷ ብቻ ተናገረች። አባቷ ምን እንዳሏት፣ እሷ ምን እንዳለች፣ ዛሬ ምን እንደሚሰማት። ወሬው ከመጽሐፉ ወጣ፤ ዞሮ ዞሮ ወደ መጽሐፉ ተመለሰ። ለጀማሪ ቡድን ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል?

የበዓሉ ዐረፍተ ነገር አጭር ነው። ጋዜጠኛ ነበረና ቃል አያባክንም። ምልልሱ ይሮጣል። የዚያን ዘመን አዲስ አበባ፣ ቢሮውም ቡና ቤቱም፣ ዓይናችሁ ፊት ይመጣል። መጽሐፉ ወፍራም አይደለም፤ ሥራ የሚበዛበት ሰው እንኳ በሁለት ሳምንት ይጨርሰዋል።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ሴቶቹን የምናያቸው በአብዛኛው በወንዶቹ ዓይን ነው። እኛ ቡድን ውስጥ ይህን መጀመሪያ ያነሱት ሴቶቹ ናቸው፤ ትክክል ናቸው። ሆኖም ቅሬታው ራሱ ጥሩ ውይይት ወጣው። ለምን እንዲህ ተጻፈ? ዛሬ ቢጻፍስ እንዴት ይጻፍ ነበር? አንድ ሙሉ እሁድ በዚህ አለፈ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሰባሰቡ ከሆነ እኔ የምመክረው ይህን ነው። ብዙ ሰው ከፍቅር እስከ መቃብር እንጀምር ይላል። የሚሉበት ምክንያት ይገባኛል። ግን ሰው መጀመሪያ አንድ መጽሐፍ ጨርሶ የመዝጋትን ደስታ ይቅመስ። አንዱን የጨረሰ ሰው ሁለተኛውን አይፈራም።

ትዕግሥት ላለው ቡድን፦ ፍቅር እስከ መቃብር

ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. አሳተሙት። ከ500 ገጽ በላይ ነው። በኢትዮጵያ ውስጥ ሳያነቡትም የሚያውቁት ልብ ወለድ ቢኖር ይህ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው ትረካ ስንቱን ቤት ስንቱን ሰፈር ሰብስቦ አስለቅሷል። እናቴ መጽሐፉን ገልጣ አታውቅም፤ ፍቅረኞቹን በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ግን እንደ ዘመዶቿ ነው የምታነሳቸው።

ለቡድን ሲሆን ይህ ዝና ጥቅምም ጉዳትም አለው። ጥቅሙ ማንም ባዶ እጁን አይመጣም። ጉዳቱ ሁሉም "አውቀዋለሁ" ብሎ መምጣቱ ነው። የሚያውቁት ደግሞ የፍቅሩን ታሪክ ብቻ ነው። ሲያነቡት ይደነግጣሉ። ፍቅሩ እስኪመጣ ብዙ መንገድ ይሄዳሉና።

መጽሐፉ የሚጀምረው ከልጆቹ አይደለም፣ ከወላጆች ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ናቸው። በዛብህ የስለት ልጅ ነው፤ ገና በጨቅላነቱ ለቤተ ክርስቲያን ተሰጥቷል። የብዙ ሰው ንባብ የሚደክመው እዚህ ላይ ነው፤ "መቼ ነው ወደ ፍቅሩ የምንገባው?" ይላሉ። እኔ ግን ለቡድን ከመጽሐፉ ሁሉ ምርጡ ይህ ክፍል ይመስለኛል። አንዲት እናት በልጇ ሕይወት ላይ ስለት መሳል ትችላለች ወይ? ልጁ አድጎ ቃሉ የእናቱ እንጂ የኔ አይደለም ቢል ኃጢአት አለበት ወይ? ቡድናችን ውስጥ ራሳቸው የስለት ልጅ የሆኑ አንድ አባት ነበሩ። የሳቸውን ታሪክ እዚህ አልጽፈውም፤ የሳቸው ነው። ግን ያን ቀን ሁላችንም ዝም ብለን ነው የሰማናቸው።

ከዚያ ጉዱ ካሳ አለ። ስለ ጉዱ ካሳ ያልተከራከረ ቡድን አንብቦታል አልልም። የባላባቱን ቤት ከውስጥ ሆኖ የሚተች፣ የሚናገረው ሁሉ እውነት የሆነ፣ ነገር ግን እንደ እብድ የተቆጠረ ሰው ነው። አዋቂ ነው ወይስ አቅመ ቢስ? እውነትን ማየት ብቻ ይበቃል ወይ? በእኛ ስብሰባ አንድ ወጣት "እሱ ዛሬ ቢኖር ፌስቡክ ላይ ይጽፍ ነበር፤ ሰው ላይክ አድርጎ ያልፈው ነበር" አለ። አንዲት መምህርት ደግሞ "ጉዱ ካሳ ባይናገር ኖሮ ሰብለ ወንጌል ሌላ ሕይወት መኖሩን በምን ታውቅ ነበር?" ብላ መለሰችለት። እኔ ከመምህርቷ ጋር ነኝ።

የሰብለ ወንጌልን አባት ፊታውራሪ መሸሻንም አትለፏቸው። ስናወግዛቸው ጊዜ አይፈጅብንም። ግን ደራሲው እንዲሁ ለመወገዝ ብቻ አልሠሯቸውም። ኩራታቸውም ብቸኝነታቸውም ተጽፏል። የገበሬዎቹን አመፅ የያዘውን ክፍል ስታነቡ ከ1966ቱ አብዮት ስምንት ዓመት ቀድሞ የታተመ መሆኑን አስታውሱ። ያኔ ሌላ ስሜት ይሰጣል።

ቋንቋው የጎጃም ለዛ አለው። የቤተ ክህነት ትምህርት ቃላት ይበዙበታል። የአብነት ትምህርት ያለፈ ሰው ከመካከላችሁ ካለ ሀብት ነው፤ ድጓውን፣ ቅኔውን፣ የተማሪ ቤቱን ኑሮ ያስረዳችኋል። ከሌለ ደግሞ የሠፈር ቄስ ወይም መሪጌታ አንድ ቀን ጋብዙ። እኛ አድርገነዋል። መሪጌታው ስለ በዛብህ የተናገሩት ከአንድ ሰሚስተር ትምህርት ይበልጥብኛል።

በአንድ ስብሰባ ለመጨረስ አትሞክሩ። አምስት ቀጠሮ ስጡት። የመጀመሪያው በዛብህ ከፊታውራሪ ቤት እስኪደርስ ይሁን። የመጨረሻውን ክፍል ግን አትከፋፍሉት፤ ሁሉም ቤቱ ሆኖ ብቻውን ይጨርሰው። ብዙ ሰው እያለቀሰ ነው የሚጨርሰው፤ ለዚያ ደግሞ ሰው ብቻውን ቢሆን ይመርጣል።

ለሚከራከር ቡድን፦ ኦሮማይ

ከአድማስ ባሻገር ከወጣ ከ13 ዓመት በኋላ ያው በዓሉ ግርማ ኦሮማይን ጻፈ። በ1975 ዓ.ም. ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት አወጣው። ብዙ ሳይቆይ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም።

አብዛኛው ሰው ስለ ኦሮማይ ማውራት የሚጀምረው ከዚህ ነው። የኔ ምክር በተቃራኒው ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ ስለ ደራሲው መጥፋት አታውሩ ብላችሁ ተስማሙ። ከባድ ነው፤ ግን ሞክሩት። ካልሆነ መጽሐፉ የወንጀል ማስረጃ ይሆናል። ሰው በየገጹ "የገደለው ይህ መስመር ይሆን?" እያለ ይፈልጋል። ፊያሜታን፣ አስመራን፣ የጸጋዬን ልብ ሳያይ ያልፋል። በዓሉ ግን ልብ ወለድ ነው የጻፈው። እንደ ልብ ወለድ እናንብብለት።

ታሪኩ የሚካሄደው በ1974 ዓ.ም. ደርግ ኤርትራ ውስጥ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ ነው። ጸጋዬ ኃይለማርያም የዘመቻውን የፕሮፓጋንዳ ሥራ ሊመራ አስመራ የሚሄድ ጋዜጠኛ ነው። አዲስ አበባ እጮኛ ትቶ ነው የሄደው። አስመራ ፊያሜታ ጊላይን ያገኛል። ከዚያ ጦርነቱ፣ ስለላው፣ ፍቅሩ አንድ ላይ ይጦዛሉ። ርዕሱ ራሱ አስመራ ከጣልያንኛ ወርሳ የራሷ ያደረገችው ቃል ነው፤ አበቃ፣ ከእንግዲህ ወዲያ የለም እንደማለት ነው።

ፍጥነቱን በተመለከተ ከአራቱ የሚደርስበት የለም። ቡድናችን ውስጥ በሁለት ሌሊት የጨረሰው አለ። ከጨረሳችሁ በኋላ የሚመጣው ክርክር ግን ፈጣን አይደለም። ጸጋዬ የማያምንበትን ነገር በአማረ ቃል ይጽፋል። ወይስ ያምንበታል? ለደመወዝ ሲባል የሚጻፍ ውሸት የት ላይ ወንጀል ይሆናል? ይህን ጥያቄ ከመካከላችሁ ጋዜጠኛ፣ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ፣ የማስታወቂያ ጸሐፊ ካለ ይተናነቀዋል። ተናንቆት አይተናል።

ጥንቃቄ የሚፈልገው ሌላው ነገር ነው። በዚያ ጦርነት አባቱን፣ ወንድሙን፣ እግሩን ያጣ ሰው በየቤቱ አለ። በስልኩ ቡድናችን አንዷ አስመራ ተወልዳ ያደገች ናት፤ የሌላው አባት ናቅፋ ግንባር ቀርተዋል። ስንጀምር ፈርተን ነበር። ያዳነን አንድ ደንብ ነው። ማንም ስለ መንግሥታት ሲናገር ገጸ ባሕርይ ጠቅሶ ይናገር። "ሻዕቢያ እንዲህ ነበር፣ ደርግ እንዲህ ነበር" ማለት አይቻልም። "ጸጋዬ እዚህ ላይ እንዲህ ያደረገው ለምንድን ነው?" ማለት ይቻላል። በዚህ መንገድ ሁለቱ ሰዎች ሌላ ቦታ የማይናገሩትን ተነጋገሩ። አሁን በግል ይደዋወላሉ።

ለውጭ ሀገር ቡድኖች ኦሮማይ ሌላ ጥቅም አለው። እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ታትሟል፤ የተረጎሙት ዴቪድ ደጉስታና መስፍን ፈለቀ ይርጉ ናቸው። አሜሪካ ወይም እንግሊዝ ያደጉ ልጆቻችሁ አማርኛ ይሰማሉ እንጂ አያነቡም ይሆናል። ለነሱ እንግሊዝኛውን ስጧቸው፣ እናንተ አማርኛውን ያዙ። አንድ ማዕድ ላይ ተቀመጡ። ፍቅር እስከ መቃብርም በሲሳይ አየነው ተተርጉሞ በእንግሊዝኛ አለ፤ ኦሮማይ ግን ዘመኑም ቅርብ ነው፣ ሩጫውም ለወጣት ይመቻል። የሜሪላንዷ ጓደኛችን ከ19 ዓመት ልጇ ጋር አብራ አንብባዋለች። "ስለ ደርግ አሥር ዓመት ስነግረው ያልሰማኝን አሁን ራሱ ይጠይቀኛል" አለችን።

ለጠና ቡድን፦ አደፍርስ

ወደ መጀመሪያው ቁስል ልመለስ። የዳኛቸው ወርቁ አደፍርስ የታተመው በ1962 ዓ.ም. ነው። ልብ አላችሁ? ከአድማስ ባሻገር በታተመበት በዚያው ዓመት። ሁለት ደራሲ፣ አንድ ዘመን፣ ሁለት የተለያየ አማርኛ። የበዓሉ አማርኛ ውኃ ነው፤ ይወርዳል። የዳኛቸው እንደ ቆሎ ነው፤ ይታኘካል።

አደፍርስ የተማረ ወጣት ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ሰሜን ሸዋ ገጠር ይገባል። ሀገሩ ግን እሱ በመጽሐፍ ያነበባት አይደለችም። መሬት አላት፣ እምነት አላት፣ ሙግት አላት፣ የራሷ ጥበብ አላት። መጽሐፉ ውስጥ ብዙው ነገር ክርክር ነው። ሰው ይናገራል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ማን እንደተናገረ ፈልጋችሁ ታገኛላችሁ። ደራሲው እጃችሁን ይዞ አይመራችሁም። የሸዋ የገጠር ቃል፣ ተረትና ምሳሌ፣ የሙግት አነጋገር ይጎርፋል።

ታዲያ ይህን መጽሐፍ ሁለተኛ ጊዜ፣ ከሌላ ቡድን ጋር ደገምኩት። ተሳካልን። ልዩነቱ ምን ነበር? አንደኛ፣ ከዚያ በፊት አራት መጻሕፍት አብረን ጨርሰን ነበር፤ ሰው ለሰው ትዕግሥት አግኝቷል። ሁለተኛ፣ ድምፅ አውጥተን አነበብነው። ይህ ነው ዋናው። አንዱ አደፍርስን ሆነ፣ አንዷ ወይዘሮ አሰጋሽን ሆነች፣ ሌሎቹ ሌሎቹን ተካፈሉ። በዓይን ሲነበብ ጭልጥ ያለ በረሃ የመሰለን ምልልስ በጆሮ ሲመጣ ሳቅ አለው፣ ቁጣ አለው፣ ሽሙጥ አለው። ጡረታ የወጡ አንድ የሸዋ ሰው አሉን፤ የሰጡት ንባብ የቴአትር ያህል ነበር። ዳኛቸው ለጆሮ ነበር የጻፈው ብዬ አመንኩ።

ሦስት ሰዓት ተቀምጦ ሃያ ገጽ ማንበብ የማያስከፋው ቡድን ካላችሁ አደፍርስን ያዙ። የምታገኙት ክርክር ዛሬም ትኩስ ነው። የተማረ ሰው ሀገሩን መለወጥ የሚጀምረው በማስተማር ነው በመማር? ከተሜው ገጠሬውን ሲያዝንለት ንቀት አለበት ወይ? አዲስ ቡድን ከሆናችሁ ግን እባካችሁ አትንኩት። ለሌላ ዓመት አቆዩት።

ሌሎች የሚጠየቁ

"አዳም ረታስ?" የሚል ከየቡድኑ አይጠፋም። እኔም እወደዋለሁ። ግራጫ ቃጭሎች በ1997 ዓ.ም. ሲወጣ የአማርኛ ልብ ወለድ እንዲህም ይጻፋል እንዴ ያልን ብዙ ነን። ነገር ግን እሱ "ሕፅናዊነት" ብሎ የሰየመው የአጻጻፍ መንገድ እንደ እንጀራ ዓይን እርስ በርሱ የተያያዘ ነው፤ አንዱን ያየ ሌላውን ካላየ ይጎድልበታል። ከአጭር ልብ ወለዶቹ አንዱን መርጣችሁ በአንድ ቀጠሮ ሞክሩት። ጣዕሙ ከገባችሁ ወደ ረጅሙ ግቡ።

የይስማዕከ ወርቁ ዴርቶጋዳ በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ መጽሐፍ አይቶ የማያውቅ ወጣት ተሰልፎ ገዝቷል። የጣና ገዳማት፣ ስለላ፣ ሳይንስ፣ ሁሉም አለበት። አንዳንድ አንባቢዎች ይንቁታል፤ እኔ አልንቀውም። ስንት ሰው በዚያ መጽሐፍ ገብቶ ዛሬ ሐዲስን ያነባል! የአሥራ ስድስትና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች ቡድን ከሆነ ያለ ጥርጥር ከእሱ ጀምሩ። ለአዋቂ ቡድን ግን ወሬው "ቀጥሎ ምን ይሆን?" ላይ ነው የሚያተኩረው፤ መልሱ ከታወቀ በኋላ ብዙ አይቀረውም።

በየመጽሐፍ መደብሩ ዛሬ ፊት ለፊት የምታገኙት ግን ልብ ወለድ አይደለም። ግለ ታሪክ ነው። የቀድሞ ባለሥልጣናት፣ የጦር መኮንኖች፣ የኢሕአፓና የመኢሶን ሰዎች ትዝታ። ከጎኑ ደግሞ የተተረጎሙ የሥነ ልቦናና የስኬት መጻሕፍት ይደረደራሉ። ግለ ታሪክን በቡድን ሁለቴ ሞክረናል። ሁለቱንም ጊዜ ውይይቱ "ይህ እውነት ነው፣ ይህ ውሸት ነው" ወደሚል ሄደ። ማን ምን ፈረመ፣ ማን ማንን አሳሰረ። ይህም ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ታሪክ አዋቂ ይፈልጋል እንጂ። ቡድኑ ግን በጎራ ተከፈለ። ልብ ወለድ ላይ እንዲህ አይሆንም። ጉዱ ካሳ የማንም ፓርቲ አባል አይደለም፤ ሁሉም ሊወደውም ሊገሥጸውም ይችላል።

ወረቀቱን፣ ትረካውን ወይስ ስልኩን?

መጽሐፉን መረጣችሁ እንበል። አሁን ከየት ይገኛል?

አዲሱን እትም መግዛት የሚችል ይግዛ። ዛሬ ብዙ ደራሲ ራሱ ከፍሎ ያሳትማል። የወረቀቱንና የማተሚያ ቤቱን ዋጋ ከኪሱ አውጥቶ፣ ለአከፋፋይ ድርሻ ሰጥቶ፣ የቀረውን ነው የሚያገኘው። በደርግ ጊዜ ኩራዝን የመሰለ የመንግሥት አሳታሚ ነበር፤ መጽሐፉን ወስዶ ያወጣል፣ ዋጋውም ለተማሪ የሚቀመስ ነበር። ሳንሱሩ ያስከተለውን ግን በኦሮማይ አይተነዋል። ዛሬ ደራሲው ነፃ ነው፤ ዕዳው ግን የራሱ ነው።

አቅም ካነሰ ያገለገለ መጽሐፍ አለ። ለገሃር፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ አራት ኪሎ፣ መርካቶ ዞር ዞር በሉ። ሻጮቹን አናግሯቸው። አንዳንዶቹ ከማንኛውም ሐያሲ በላይ መጽሐፍ ያውቃሉ። አንድ ችግር ግን አለ። ስምንት ሰው ስምንት የተለያየ እትም ይዞ ይመጣል። "ገጽ 212 ላይ" ስትሉ ሁሉም ሌላ ነገር ያያል። እኛ በዚህ ብዙ ጊዜ ካጠፋን በኋላ ገጽ መጥራት ትተናል። ምዕራፍ እንጠራለን፣ ወይም "ፊታውራሪ የተያዙበት ቦታ" እንላለን። ከመጀመራችሁ በፊት ይህን ተስማሙ።

ገንዘብ ሳያወጡ ማንበብ ለሚፈልግ ወመዘክርና አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አሉ። ቅዳሜ ጠዋት ሄዶ ሁለት ምዕራፍ አንብቦ መመለስ ይቻላል። ከቡድናችን አንዱ ኦሮማይን ሙሉ በሙሉ እንደዚህ ነው የጨረሰው።

ትረካን አትናቁ። አንዳንድ ሰው "ሰማሁ እንጂ አላነበብኩም" እያለ ይሸማቀቃል። ለምን? የዱባይዋ እህታችን ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ቁጭ ብላ መጽሐፍ የምትገልጥበት ሰዓት የላትም። ልብስ እየተኮሰች ፍቅር እስከ መቃብርን በወጋየሁ ድምፅ ሰማችው። ከሁላችን ይበልጥ ዝርዝሩን የያዘችው እሷ ናት። ለፍቅር እስከ መቃብር ትረካው ከወረቀቱ እኩል ነው ብዬ በሙሉ አፌ እናገራለሁ። ለአዳም ረታ ግን አይሆንም፤ እሱ ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት ይፈልጋል።

ቀሪው የስልኩ ጉዳይ ነው። በየቴሌግራም ቻናሉ የሚዘዋወረውን የመጽሐፍ ፒዲኤፍ ሁላችንም አይተነዋል። በቡድናችን አንድ አቋም ይዘናል። በሕይወት ያለ ደራሲ መጽሐፍ በፒዲኤፍ አንቀባበልም። አንድ ሰው መግዛት ካልቻለ አዋጥተን እንገዛለታለን፤ ወይም ያነበበው ለሚቀጥለው ያውሳል። ከሀገር ውጭ መጽሐፉ የማይገኝበት ቦታ ያለ ሰው ምን ያድርግ የሚለው ከባድ ጥያቄ ነው። እኛ ከአዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ እየፈለግን ሻንጣ ውስጥ እንልካለን። እስካሁን ሠርቷል።

ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ቀን ሰጥታችሁ ይህን አድርጉ። ከሁለት ወይም ከሦስት መጻሕፍት የመጀመሪያዎቹን አሥር ገጾች ተሰብስባችሁ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ድምፅ አትስጡ፤ እጅ አታስወጡ። ሰው የትኛው ላይ ቡናውን ረስቶ እንዳቀዘቀዘ ብቻ ተመልከቱ።

እኛ ባለፈው እሁድ እንዲህ አድርገን ሦስት መጽሐፍ ሞከርን። በመጨረሻ የቀረው ከአድማስ ባሻገር ነው፤ ሁለት አዲስ አባላት ስለመጡ ድጋሚ ልናነበው ነው። ከመጀመሪያው ቡድን ከተበተኑት አንዱ ደወለና ልምጣ ወይ አለኝ። ና አልኩት። መጽሐፉን ዛሬ ማታ አደርስለታለሁ።